ከዳግማዊ ምኒልክ መኪና እስከ ፉሪ ጋራዥ

መኪና በኢትዮጵያ ምድር መሽከርከር ከጀመረ እነሆ ከመቶ ዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለ መጀመሪያው መኪና አገባብ፣ ስለ መንገዶች አሠራር፣ ስለ ባቡሩም ሐዲድ ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል። መኪናው በቆመ ጊዜ ከሥሩ ተንጋሎ ገብቶ፣ ልብሱን በዘይት አጨማልቆ፣ ሕመሙን ፈልጎ የሚያድነውን ሰው ግን ታሪክ ጸሓፊ እምብዛም መለስ ብሎ አላየውም። እኛ ይህን አጭር ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣነው ስለዚሁ ሰው ነው። ከወር ደመወዙ ቈጥቦ፣ ዕቁብ ጥሎ፣ ከዘመድም ተበድሮ አንድ ያገለገለ መኪና የገዛ መምህር ወይም ጸሓፊ፣ ያፈራው ሀብት ሁሉ በመካኒክ እጅ የወደቀ መሆኑን ሞተሩ የሳተ ዕለት ይረዳዋልና።

በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ሰበታ በሚወስደው አቅጣጫ፣ በተራራው ስም የሚጠራውን ፉሪን የማያውቅ የከተማችን ነዋሪ ጥቂት ነው። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎቹም በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች ሸገር በሚባል አንድ ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ ፉሪ ከክፍለ ከተሞቹ አንዱ ሆኗል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር የመንገደኞች ጣቢያም የቆመው በዚሁ በፉሪና በለቡ በኩል ነው። የቤት ኪራይ ከመሀል ከተማው ቀለል ስለሚል ብዙ የመንግሥት ሠራተኛና መምህር ወደዚያ ወጥቶ ሰፍሯል፤ መንገዱ ስለ ራቀበትም ያገለገለ መኪና መግዛት ግድ ሆኖበታል። መኪና በበዛበት ደግሞ ጋራዥ፣ ጎሚስታና ባትሪ ቤት አይጠፋም።

ማለዳ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ጆሮውን ያቀና ሰው፣ ከሚያልፉት መኪኖች አንዳንዱ እንደ ጤነኛ ሰው ትንፋሽ በእኩል ምት ሲሄድ፣ አንዳንዱ ደግሞ ከሦስት ምት በኋላ አንዱን እየዘለለ፣ እያሳለና እየተንቀጠቀጠ ሲያልፍ ይሰማል። የጋራዥ ሰዎች ይህን ሕመም «ሚስ ያደርጋል» ይሉታል፤ ቃሉን ከእንግሊዝኛ ወስደው ነው። በአማርኛችን ሞተሩ ይስታል ብንል የበለጠ ይገልጠዋል። ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ፣ ዒላማውን እንደ ሳተ ተኳሽ፣ እሳቱን ሳይለኩስ ያልፋልና።

ነገሩን በጥቂቱ እናብራራ። ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 እ.ኤ.አ. በሠራው ባለ አራት ምት ሞተር፣ ፒስተኑ በመጀመሪያው ምት አየርና ነዳጅ ይስባል፤ በሁለተኛው ይጨምቃል፤ በሦስተኛው የተጨመቀው ተቀጣጥሎ ፒስተኑን ይገፋል፤ በአራተኛው ጢሱ ይወጣል። ዛሬ በቤንዚን የሚሄዱት መኪኖች ሁሉ በዚሁ ሥርዓት ይሠራሉ። እንግዲህ እሳቱ ይነሣ ዘንድ ሦስት ነገሮች በአንድ ቅጽበት መገናኘት አለባቸው፤ እነርሱም ካንዴላው በወቅቱ የሚተፋው ብልጭታ፣ በልኩ የተቀላቀለ ቤንዚንና አየር፣ የማያፈስም ጭመቃ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከጐደለ ሞተሩ ይስታል። ሳይቃጠል የቀረው ቤንዚን ደግሞ ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን አጥቦ ፋሻ የሚባለውን የፒስተን ቀለበት ያስበላል፤ ወደ ጢስ መውጫው ወርዶም በዚያ ይቃጠላል። በአንድ ካንዴላ ዋጋ ሊድን የሚችለው ሕመም ችላ ሲባል ሞተር አውርዶ እስከ ማደስ የሚያደርሰው ስለዚህ ነው።

ሕመሙ ከመኪናው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ካርል ቤንዝ በ1886 እ.ኤ.አ. ለመኪናው የባለቤትነት መብት ካገኘ በኋላ፣ መኪናው ከሰፈር ያለፈ መንገድ መሄዱን የሚያምን ሰው አልነበረም። በ1888 እ.ኤ.አ. ባለቤቱ ቤርታ ቤንዝ ሁለት ልጆቿን ይዛ፣ ለባሏ ሳትነግር፣ ከማንሃይም እስከ ፕፎርትስሃይም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳችው። በመንገድ የነዳጁ ቧንቧ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው። የብልጭታው ሽቦ ሽፋኑ ተልጦ ከብረት ጋር ሲነካካም፣ የእግር ሹራቧን ማሰሪያ ፈትታ ጠቀለለችበት። ልብ ብለን ካየነው፣ ይህች ወይዘሮ መንገድ ላይ ያገኘቻቸው ሁለት ሕመሞች፣ የነዳጅ መደፈንና የብልጭታ መፍሰስ፣ ዛሬ ፉሪ ላይ መኪና ከሚያቆሙት ሕመሞች የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ከእርሷም በፊት ይህን ያደረገ የመንገድ መካኒክ አናውቅም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባው ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን በሾሙበት በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባለውን መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ፣ በረሃውንና ዳገቱን አቋርጦ ለንጉሠ ነገሥቱ አደረሰ። ባቡሩ በዚያን ጊዜ ከድሬዳዋ አላለፈም ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ መኪናው ባቡሩን ቀድሞት ገባ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ሆልዝ የተባለ ጀርመናዊ ናኬ የምትባል ሌላ መኪና ይዞ መጣ።

ምኒልክ አዲስ መሣሪያ ሲያዩ መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን አሠራሩን ለማወቅ የሚጓጉ ንጉሥ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። ባለሙያ የሌለው መኪና የጌጥ ዕቃ ሆኖ እንደሚቀር ተረድተው ይመስለናል፣ በ1908 እ.ኤ.አ. ተሰማ እሸቴ ከሆልዝ ጋር ወደ ጀርመን ሄደው መንዳትንና መካኒክነትን እንዲማሩ ላኳቸው። ተሰማ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት፣ በግጥማቸውና በዜማቸው ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው ሰው ናቸው። በጀርመን ሳሉም ድምፃቸው በሸክላ ተቀርጾ፣ ከመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ የሙዚቃ ሸክላዎች ጥቂቶቹ በእርሳቸው ድምፅ ተገኝተዋል። (የአፍሪካን እግር ኳስ ለብዙ ዓመታት የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ የእኒሁ ሰው ልጅ ናቸው።) ያገራችን የመካኒክነት ትምህርት ቃናንና ምትን ለይቶ በሚሰማ በባለ ቅኔ ጆሮ ተጀመረ ብንል ከእውነት የምንርቅ አይመስለንም።

ነገር ግን በዚያ ዘመን የእጅ ሥራ በአገራችን የተከበረ አልነበረም። አንጥረኛው ቡዳ፣ ፋቂውና ሸማኔው የተናቁ ነበሩ። ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው ምክንያት እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው የንቀቱን ጥልቀት ያሳያል። አዋጁ ቢነገርም ልማዱ ቶሎ አልተነቀለም። ፊደል የቈጠረው ወጣት ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛ ሄደ፤ ብረት የሚያነሣው ወጣት ወደ ጋራዥ ሄደ። በእኛ አስተያየት፣ ዛሬ በመኪና ባለቤትና በመካኒክ መካከል ያለው አለመተማመን ሥሩ ከዚህ ላይ ነው፤ መጽሐፍ የሚያነበው ስለ ሞተር አያውቅም፤ ሞተር የሚያውቀው መጽሐፍ አልተሰጠውም።

የኢጣሊያ ወረራ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ከመከራው ጋር እጅግ ብዙ የጭነት መኪና ይዞ መጣ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ከኢጣሊያኖቹ የእጅ ባለሙያዎች በአገሩ የቀሩ ነበሩና፣ በአዲስ አበባ ጋራዥ ከፍተው ይሠሩ ጀመር። የአገራችንም ልጆች በረዳትነት ገቡ። ከዚያ ዘመን የወረስነው ቋንቋ እስከ ዛሬ በየጋራዡ ይነገራል፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ፣ ቺንጋ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ። በየዓመቱ ከመኪናው መስተዋት ላይ የምንለጥፈው ቦሎ እንኳ ስሙ ከዚያው ነው። በፉሪና በሰበታ በኦሮምኛ የሚነጋገሩ ሁለት መካኒኮችን ብናዳምጥ፣ ዐረፍተ ነገሩ ኦሮምኛ ሆኖ ካንዴላው ካንዴላ፣ ፍሪሲዮኑም ፍሪሲዮን ነው። አገር ገዥው ሄዶ የመሣሪያዎቹ ስም እንዲህ ሥር ሰድዶ መቅረቱ ለቋንቋ ተመራማሪዎች ሰፊ የጥናት ርእስ በሆነ ነበር።

ይሁን እንጂ ከስሙ ጋር ምክንያቱ ሁልጊዜ አብሮ አልተላለፈም። ረዳቱ ልጅ «ካቻቢቴ አቀብል» ሲባል ያቀብላል፤ ጌታው ሲፈታ ያያል፤ ሲገጥም ያያል። ለምን ይኸኛው እንጂ ያኛው እንዳልተፈታ የሚነግረው ግን ጥቂት ነበር። ከነጻነት በኋላ የተቋቋመው የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ይህን ጉድለት ለመሙላት ብዙ ደክሟል፤ ከዚያ የወጡትም ባለሙያዎች በየመሥሪያ ቤቱ ጋራዥ የሠሩት ሥራ የሚመሰገን ነው። ብዛቱ ግን የሠለጠነው በዐይንና በጆሮ ነው።

ይህ የጆሮ ትምህርት የሚናቅ አይደለም። ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣችው ፊያት ስድስት መቶ፣ ሕዝቡ ሰይቼንቶ የሚላት፣ የአዲስ አበባ ታክሲ በሆነችበት ዘመን፣ ጥሩ መካኒክ ሞተሩን አስነሥቶ የካንዴላዎቹን ሽቦ ተራ በተራ ይነቅል ነበር። ጤነኛው ሲነቀል ሞተሩ ይደክማል፤ ድምፁም ይለወጣል። ሲነቀል ምንም ካልተለወጠ ግን የሳተው እርሱ ነው። ቀጥሎ ያንኑ ካንዴላ ፈትቶ ቀለሙን ያያል። ጫፉ ቡና ዐይነት ሆኖ ደረቅ ከሆነ ጤና ነው። እንደ ጥላሸት የጠቈረና የደረቀ ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፤ በዘይት የራሰ ከሆነ ፋሻው ወይም የቫልቮላው መሄጃ ተበልቷል፤ የነጣ ከሆነ አየሩ በዝቶ ሞተሩ ይግላል። ከዚያም ወደ ፑንቲናው ይሄዳል፤ ይኸውም ብልጭታውን የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ የብረት አፍ ሲሆን፣ ክፍተቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። በአሸዋ ወረቀት ጠረግ አድርጎ፣ ክፍተቱን ለክቶ ሲመልሰው ታክሲው ወደ ሥራው ይሄዳል። ለዚህ ሁሉ ያስፈለገው አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ የካንዴላ መፍቻና የቀና ጆሮ ነው።

እዚህ ላይ የውጭ አገር መጻሕፍት የማይነግሩንን፣ የአገራችን ከፍታ ያመጣውን ነገር ማንሣት ይገባናል። ፉሪና ሰበታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር አያንሱም፤ ሱሉልታ ከዚያም ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በጅቡቲ ወደብ ካለው ሦስት አራተኛ ያኽል ብቻ ነው። ስለዚህ ለባሕር ዳር አገር ተለክቶ የተሠራ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ፣ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ሞተሩ ከሚችለው በላይ ይጠጣል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ከአዲስ አበባ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ይብሱን ይስታል። የድሮ መካኒኮቻችን የቤንዚኑን ቀዳዳ ባነሰ ቀዳዳ በመለወጥ ይህን ያስተካክሉ ነበር። ብዙዎቹ ስለ አየር ግፊት አልተማሩም፤ የጠቆረው ካንዴላ ግን አስተማራቸው። ዛሬ በኮምፒውተር የሚመሩት ሞተሮች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ።

ኮምፒውተሩ የማያስተካክለው አንድ ነገር ግን አለ፤ ይኸውም የሰው ፍርድ ነው። የጭመቃ መለኪያ የሚባል መሣሪያ በካንዴላው ቀዳዳ ገብቶ የሲሊንደሩን ጉልበት ይለካል። የፋብሪካው መጽሐፍ «ጤነኛ ሞተር 12 ባር ያሳያል» ቢል፣ ያ ቊጥር የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። በፉሪ ከፍታ ያው ጤነኛ ሞተር 9 ያኽል ቢያሳይ የሚያስደንቅ አይደለም። ይህን የማያውቅ መካኒክ፣ ወይም እያወቀ የሚደብቅ፣ «ሞተሩ ሞቷል፤ መውረድ አለበት» ብሎ ይፈርዳል። በዚህ ፍርድ ስንት ጤነኛ ሞተር ተበታትኖ ይሆን? የሚታመነው መካኒክ አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው ያስተያያል እንጂ አንዱን ከመጽሐፍ ጋር ብቻ አያስተያይም። ሦስቱ 9 አሳይተው አራተኛው 5 ቢያሳይ፣ በአራተኛው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና ይለካል። ጉልበቱ ከፍ ካለ ዘይቱ የደፈነው ፋሻ ተበልቷል ማለት ነው፤ ካልጨመረ ጥፋቱ ከቫልቮላው ወይም ከጓርኒሲዮኑ ነው። ይህ ሥራ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ሲሆን፣ የብዙ ሺህ ብር ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ጥያቄ አንዱን ጋራዥ ከሌላው ይለያል።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ዘመን ለዚህ ታሪክ ብዙ የጨመረው የለም፤ የግል መኪና አነሰ፤ መለዋወጫም ጠፋ። መካኒኩ ከአንዱ ፈትቶ ለሌላው በመግጠም፣ የሌለውንም ዕቃ በማስቀረጽ ብልሃቱን አሳለ። የሩሲያው ላዳ በታክሲነት በመጣ ጊዜ መካኒኮቻችን ያልተደናገሩት፣ ላዳ ከፊያት 124 የተቀዳ በመሆኑ ነው። መኪናው ከሩሲያ ቢመጣም ቋንቋው የሚያውቁት የኢጣሊያ ቋንቋ ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ከአውሮፓና ከዐረብ አገሮች ያገለገሉ መኪኖች በብዛት ገቡ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ቶዮታ ናቸው። ቪትዝ የሚባሉት ትንንሾቹ ለጃፓን መንገድ የተሠሩ ሲሆኑ፣ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረው በዱባይ ነው። በመርካቶ ሶማሌ ተራ የሚሸጠው ያገለገለ መለዋወጫም ለባለ አሮጌ መኪና መሸሻው ሆነ። ፑንቲናው ጠፋ፤ በምትኩ በየካንዴላው አናት ላይ የተቀመጠ ኮይልና ሁሉን የሚያዝ ኮምፒውተር መጣ። በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጥ መኪና ሁሉ ሕመሙን ለመርማሪው መሣሪያ በአንድ ዐይነት ምልክት እንዲናገር ሕግ አስገደደ፤ ሌላውም ዓለም ተከተለ። ፒ 0300 ቢል ሞተሩ እዚያም እዚህም ይስታል ማለት ነው፤ ፒ 0301 ቢል አንደኛው ሲሊንደር፣ ፒ 0302 ቢል ሁለተኛው ስቷል ማለት ነው።

መሣሪያው የሳተውን ሲሊንደር ይናገራል፤ የሳተበትን ምክንያት ግን አይናገርም። አለመተማመኑም የሚበረታው ከዚህ ክፍተት ላይ ነው። በፉሪ የሚኖር አንድ የምናውቀው መምህር ያገለገለ ኮሮላ ገዝቶ፣ ከጥቂት ወር በኋላ ዝናብ ባደረበት ማለዳና በዳገት ላይ ሞተሩ ይስትበት ጀመር። አንድ ጋራዥ አራቱን ካንዴላ ለወጠለት። ለሳምንት ተሻለው፤ ተመለሰበት። ሌላ ጋራዥ የቤንዚኑን ፓምፕ ለወጠለት፤ ይህም አልፈየደም። የሁለት ወር ደመወዙ በዚሁ አለቀ። በመጨረሻ ወደ አንድ ጎልማሳ መካኒክ ወሰዱት። ሰውየው መፍቻ ከማንሣቱ በፊት ይጠይቅ ጀመር፤ ከመቼ ወዲህ ነው? ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ? ዝናብ ሲዘንብ ይብሳል? መሣሪያውን ሲሰካው ፒ 0302 አለ። የሁለተኛውን ሲሊንደር ኮይል ነቅሎ ከሦስተኛው ጋር አለዋወጠውና «መምህር፣ እስከ ሰበታ ነድተው ይመለሱ» አለው። ሲመለስ መሣሪያው ፒ 0303 አለ፤ ሕመሙ ከኮይሉ ጋር አብሮ ተዛውሯል። በኮይሉ ጐን ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበረ፤ እርጥበት ሲገባበት ብልጭታው በዚያ ይፈስሳል። የተለወጠው አንድ ኮይል ብቻ ነው። መምህሩ ተናድዶ «ታዲያ እነዚያ ሌቦች ናቸው ማለት ነው?» ቢለው፣ መካኒኩ «የለም መምህር፤ የሚያውቁትን ለወጡልዎት እንጂ አልሰረቁዎትም» ብሎ መለሰለት።

በዚህ መልስ ውስጥ ትልቅ ነገር አለ። የመኪና ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው ሌባን ነው፤ ገንዘቡን የሚጨርስበት ግን ሳይመረምር የሚገምት ቅን ሰው ሊሆን ይችላል። የሌብነቱን ነገር ሕግ በመጠኑ ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቊጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያዝዛል፤ ገዢውም ዕቃውን መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ስለዚህ ያገለገለ መኪና ሲገዛ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ማስነሣት ይገባል። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቀ ልብ ማለት ነው፤ ብዙ መሳት የሚሰማው በቅዝቃዜ ጊዜ ነውና። ለግምት ግን አንቀጽ አልተጻፈለትም።

ቀድሞ ሰው ሠራተኛ ሲቀጥር ተያዥ ይጠይቅ ነበር። ለመካኒክ ተያዥ የሚሆነው የሥራው ሥርዓት ነው። ከመፍታቱ በፊት የሚጠይቅ፤ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ያለውን አለዋውጦ የሚፈትን፤ የሚለውጠውን አስቀድሞ ከነዋጋው የሚጽፍ፤ የነቀለውን አሮጌ ዕቃ ሳይጠየቅ ለባለቤቱ የሚያስረክብ፤ ሲቸግረውም «ይህን አላውቀውም፤ ወደ እገሌ ውሰደው» ለማለት የማያፍር። ከእነዚህ ሁሉ እኛ የምናስበልጠው የመጨረሻውን ነው። ደንበኛው ባለበት እንዲህ ያለ መካኒክ ክብሩ የሚቀንስ መስሎ የሚታየው፣ የእጅ ሥራን ባላከበርንበት ዘመን ያደረብን አስተሳሰብ ነው። ሐኪም በሽተኛውን ወደ ሌላ ሐኪም ሲልክ አላዋቂ ነው ያለው የለም። ባለቤቱም ቢሆን ዕዳ አለበት፤ «ቶሎ በል፤ ለዛሬ ማታ አድርስልኝ» እያለ የሚያጣድፍ ደንበኛ መካኒኩን ወደ ግምት ይገፋዋል። ምርመራ ጊዜ ይፈልጋል፤ ለምርመራውም የሚከፈል ዋጋ ሊኖር ይገባል። ብዙ ሰው ለተገጠመ ዕቃ እንጂ ለታሰበ አሳብ መክፈል ስለማይወድ፣ መካኒኩ ደመወዙን ከዕቃው ላይ ለማውጣት ይገደዳል።

የነዳጁንም ነገር ሳናነሣ አናልፍም። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚገኘው ኤታኖል በሱሉልታ ዴፖ ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ ለአዲስ አበባ ይቀርብ ነበር፤ በመጀመሪያ ከመቶ 5፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. በኋላ ደግሞ ከመቶ 10 እጅ ሆነ። ለአገር ገንዘብ ቊጠባ የታሰበ መልካም ሥራ ነበር። ኤታኖል ግን ውሃ ይስባል፤ በአሮጌ ሳልቫትዮ ግድግዳ ላይ የተጋገረውንም ዝቃጭ ያላቅቃል። የላቀቀው ዝቃጭ ወደ ማጣሪያውና ወደ ካርቡሬተሩ ቀዳዳ ሄዶ ሲደፍን አሮጌው መኪና ይስታል። ካንዴላ ቢለወጥለት ምን ይጠቅመዋል? እንዲህ ያለው ሕመም የሚድነው ሳልቫትዮውን በማጠብና ማጣሪያውን በመለወጥ ነው።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ከመቼውም ይልቅ የከበደው በሁለት ምክንያት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያሉት የቤንዚን መኪኖች ለብዙ ዓመታት መኖር አለባቸው፤ ዕድሜያቸውም በጨመረ ቊጥር የጥበበኛው መካኒክ ተፈላጊነት ይጨምራል። በፉሪ ጣቢያ የሚመላለሰው ባቡር ራሱ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። በመንገዱ ላይ የሚታዩት አዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖችም ካንዴላ፣ ፋሻና ጓርኒሲዮን የላቸውም። ባትሪያቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል። ሽቦ ነቅሎ ድምፅ የማዳመጡ የሰይቼንቶ ዘመን ዘዴ በእነዚህ ላይ ቢሞከር ሰው ይገድላል። ይህን ደግሞ በፉሪ ጋራዥ ያለው ረዳት ልጅ ከጌታው አጠገብ ቆሞ በማየት ብቻ አይማረውም፤ ጌታው ራሱ ገና እየተማረው ነውና።